አፍንጫው ከፍ የተደረገ ፒክአፕ፦ የጎማ አላይመንት ከመለካት እስከ መንገድ ሙከራ

ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ጭራው ከአፍንጫው ከፍ ብሎ ነው። ሠሪዎቹ ውበት ጠፍቷቸው አይደለም፤ ወደ 10 ኩንታል ሲጫንበት የኋላው ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራው፣ ይሰግዳል፣ መኪናውም ያን ጊዜ ይስተካከላል። አብዛኛው ባለመኪና ግን ባዶውን ስለሚነዳ ያጎነበሰው አፍንጫ አይጥመውም። ከፊት ሞላው አናት ላይ ስፔሰር የሚባለውን ድጋፍ ያስገባና ፊቱን ከኋላው እኩል ያደርገዋል። ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ መኪናውም ደረቱን የነፋ ይመስላል።

ችግሩ የሚታወቀው አዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ሲወጡ ነው። መሪው ይቀልላል። የጭነት መኪና አልፈው ሲሄዱ ነፋሱ ወደ ጎን ይገፋዎታል። ከታጠፉ በኋላ መሪው በራሱ አይመለስም። ከዚያ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን ማዕዘን ማስተካከል፣ ያሠራሉ፤ ቶ የሚባለው ማዕዘን አረንጓዴ ሆኖ የታተመበት ወረቀት ይሰጥዎታል፤ መኪናው ግን ያው ነው። ወረቀቱ አልዋሸም። የተነካው ቶ ነው፣ የታመመው ካስተር የሚባለው ሌላው ማዕዘን ነው፤ ሁለቱንም ከታች አስረዳለሁ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ብዙ ጊዜ እጄ የሚገባውን ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2005 ገደማ ወዲህ የመጡትን ቪጎ እና ሬቮ ባለ አራት ጎማ አንቀሳቃሽ መኪናዎች መነሻ አድርጎ ነው። አሜሪካ የሚኖር አንባቢ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2023 የተሠራ ታኮማ ካለው የፊቱ አሠራር አንድ ዓይነት ስለሆነ እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል። የቆዩት ቶርሽን ባር ያላቸው ፒክአፖች ጸባያቸው ለየት ስለሚል መጨረሻው አካባቢ እመለስባቸዋለሁ።

ሦስቱ ማዕዘኖች

ካምበር መኪናውን ከፊት ቆመው ሲያዩት የጎማው አናት ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ነው። ወደ ውጭ ካዘነበለ ፖዘቲቭ፣ ወደ ውስጥ ከሆነ ኔጌቲቭ ይባላል። ቶ ከላይ ሲታይ የሁለቱ የፊት ጎማዎች አፍ መቀራረቡ ወይም መራራቁ ነው፤ ሰው እግሩን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ አድርጎ እንደሚራመደው።

ካስተርን ለማስረዳት ብስክሌት ይሻላል። የብስክሌት የፊት ሹካ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ አናቱ ወደ ነጂው ያዘነብላል። ልጆች ሁለት እጃቸውን ለቅቀው መንዳት እንዲችሉ ይህም ያግዛል። በመኪናም የላይኛውንና የታችኛውን ቦል ጆይንት (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርባቸውን ክብ መገጣጠሚያዎች) የሚያገናኘው መስመር አናቱ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ጎማው ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፣ ከታጠፈም በኋላ መሪው ይመለሳል። ይህ ማዘንበል ሲቀንስ መኪናው መንገድ የጠፋው ይመስላል።

ፊቱን ከፍ ማድረግ ይህን ለምን ይለውጣል? ጎማውን የሚይዙት ሁለቱ ክንዶች፣ ማለትም የላይኛውና የታችኛው ብራቾ፣ ርዝመታቸው እኩል አይደለም፣ ወደ ሻንሲው የሚገቡበት ማዕዘንም ይለያያል። ስፔሰሩ ጎማውን ወደ ታች ሲገፋው ሁለቱ ጫፎች የየራሳቸውን ቅስት ተከትለው ይሄዳሉ። በሃይሉክስ ላይ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ የካስተር መቀነስ፣ የካምበር መዛባትና የቶ መለወጥ ነው። ሦስቱም ይበላሻሉ፤ በአላይመንት ማሽን ቤት በአምስት ደቂቃ የሚስተካከለው ግን ሦስተኛው ብቻ ነው። ለምን እሱ ብቻ እንደሚነካ ከዚህ መገመት አያስቸግርም።

አንደኛ፦ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይለኩ

ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ክዳን) አይለኩ፤ የጎማ ነፋስና የጎማ መበላት ያሳስትዎታል። ከቸርኬው መካከል ቀጥ ብለው ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይለኩ፣ አራቱንም ይጻፉ። የፊት ግራና ቀኝ ልዩነት ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ አላይመንቱን ከመጀመርዎ በፊት ምክንያቱን ይፈልጉ። የደከመ ሞላ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አንደኛው ስፔሰር በሚገባ አልተቀመጠ ይሆናል።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተር አናት ላይ የሚቀመጥ ስፔሰር ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር ቢሆን መኪናው 25 ሚሊሜትር አይደለም የሚነሣው፤ ወደ 5 ሴንቲሜትር ይጠጋል። አሞርዛተሩ ብራቾውን የሚይዘው መካከሉ አካባቢ ስለሆነ ጎማው ጋ ሲደርስ እንቅስቃሴው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህን ሳያውቁ 5 ሴንቲሜትር ከፍታ ፈልገው 50 ሚሊሜትር ብረት የሚያስቀርጹ አሉ። ውጤቱ ቦል ጆይንቱ እስከ ጥጉ የተወጠረ፣ ወደ ፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ከልክ በላይ የተጣመመ፣ የዘንጉ የላስቲክ ሽፋንም በወራት ውስጥ የሚቀደድበት መኪና ነው።

የእኔ ምክር ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ላይ ማቆም ነው፣ ከዚያም ኋላው አሁንም ከፊቱ በ1 ወይም በ2 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቅር። ሙሉ በሙሉ እኩል ያደረጉት መኪና ጤፍ ሲጫንበት አፍንጫው ሰማይ ያያል፤ የፊት ጎማዎቹም ክብደት ስለሚቀልላቸው መሪው ይባስ ይቀልላል።

ሁለተኛ፦ የላላ ነገር እያለ አይለኩ

የፊቱን በክሪክ አንሥተው በማስቀመጫ ያሳርፉ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ፤ ከተነቃነቀ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ነው። አሁን ከግራና ከቀኝ ይዘው ይነቅንቁ፤ በዚህ ብቻ ከተነቃነቀ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ፣ ቲራንቲው፣ ነው። የብራቾ ጎሚኒዎችን (መገጣጠሚያው ላይ ያሉትን ላስቲኮች) በመብራት ይመልከቱ። ከፍ ከተደረገ መኪና ላይ የተቀደደ ጎሚኒ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ምክንያቱን ከታች እነግርዎታለሁ።

ከዚህ አንዱ የላላ ከሆነ አላይመንት ገንዘብ ማባከን ነው። ዛሬ የለኩት ቁጥር ነገ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ይለወጣል።

ኋላውንም አይርሱት። የሃይሉክስ የኋላ አክሰል በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ አንድ ወጥ ስለሆነ የሚስተካከል ነገር የለውም፤ ነገር ግን የባሌስትራው መካከለኛ ቡሎን ተሰብሮ አክሰሉ ከተንሸራተተ መኪናው እንደ ውሻ ጎኑን አዙሮ ይሄዳል። በሁለቱም በኩል ከፊት ጎማ መካከል እስከ ኋላ ጎማ መካከል ይለኩ። የቪጎም የሬቮም ድርብ ጋቢና ልኩ 3085 ሚሊሜትር ነው። ግራና ቀኝ ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ከተለያየ መጀመሪያ እሱ ይታይ።

ሦስተኛ፦ መሬቱና ጎማው

ደልዳላ ሲሚንቶ ያስፈልጋል። የግንበኛ ውሃ ልክ በረጅም ጣውላ ላይ አድርገው ከግራ ጎማ ወደ ቀኝ ጎማ ያረጋግጡ፤ ዘንበል ካለ ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ስስ ጣውላ ያስገቡ። የጎማ ነፋስ በግራና በቀኝ እኩል ይሁን። የተለመደው ዕቃዎ መኪናው ላይ ይቆይ፤ ነዳጁም ግማሽ ያህል ይኑር።

ከእያንዳንዱ የፊት ጎማ ሥር ሁለት የታጠፈ የማዳበሪያ ከረጢት ይዘርጉ፣ በመካከላቸው ትንሽ ዘይት ወይም ውሃ ያለው ሳሙና ያድርጉ። መኪናው ሲወርድ ጎማው በነፃነት ወደ ቦታው እንዲንሸራተት ነው። ማሽን ቤት ያለው የሚሽከረከር ሳህን ሥራው ይኸው ነው፤ ማዳበሪያው ግን በነፃ ይገኛል። መኪናውን ካወረዱ በኋላ የፊቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች ተጭነው ይልቀቁት።

አራተኛ፦ ካምበርና ካስተር መለካት

ለካምበር ቱንቢ ይበቃል። ክሩን ከፓራፋንጎው አንጠልጥለው በቸርኬው ፊት እንዲያልፍ ያድርጉ። ከክሩ እስከ ቸርኬው የላይኛው ጠርዝ፣ ከዚያም እስከ ታችኛው ጠርዝ ይለኩ። በ17 ኢንች ቸርኬ የ8 ሚሊሜትር ልዩነት ወደ 1 ዲግሪ ነው። ከላይ ያለው ርቀት ከታችኛው ካነሰ አናቱ ወደ ውጭ ወጥቷል፣ ፖዘቲቭ ነው ማለት ነው። የስልክ የማዕዘን መለኪያ ቀጥ ባለ ብረት ላይ አሥረው ቢጠቀሙም ያስኬዳል።

ካስተር በቀጥታ አይለካም፤ በካምበር በኩል ይሰላል። ጎማውን ወደ አንድ ጎን 20 ዲግሪ አዙረው ካምበሩን ያንብቡ፣ ወደ ሌላው ጎን 20 ዲግሪ አዙረው እንደገና ያንብቡ። የሁለቱ ንባብ ልዩነት በ1.5 ሲባዛ ካስተሩን ይሰጣል። ለምሳሌ ልዩነቱ 2 ዲግሪ ቢሆን ካስተሩ 3 ገደማ ነው። 20 ዲግሪውን ለማግኘት ወለሉ ላይ በኖራ መስመር ያስምሩ። ሁለቱም ጎን ላይ ይደገም። በዚህ ዘዴ የሩብ ዲግሪ ስሕተት አይቀርም፤ ነገር ግን ካስተሩ 3 ይሁን 1 ማወቅ በቂ ከሆነ ከበቂ በላይ ይነግርዎታል።

አምስተኛ፦ የካም ቡሎኖቹ

የታችኛው ብራቾ ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበት የፊትና የኋላ ቡሎን አናታቸው ላይ ካም የሚባል ከመሐል የወጣ ክብ ሳህንና የመስመር ምልክት አላቸው። የአላይመንቱ ልብ እዚህ ነው። ሲዞሩ ብራቾው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይንሸራተታል።

ከመንካትዎ በፊት አሁን ያሉበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉ። ለማሽን ቤት የሚሰጡ ከሆነም ይህን ምልክት አስቀድመው በጥፍር ቀለም ያኑሩ። የራሴን ቪጎ በአንድ ወቅት ለ"ሙሉ አላይመንት" ሰጥቼ፣ ሙሉውን ከፍዬ ስመለስ ቀለሙ ከነጠብጣቡ አልተነቃነቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ ጥፍር ቀለም የትም አልሄድም፤ ጋራዡ ውስጥ ሲያዩኝ ቢስቁም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዳዶዎቹን አላልተው ሁለቱንም ካም ወደ ውጭ እኩል ካዞሩ የጎማው እግር ወደ ውጭ ይሄዳል፣ አናቱ በንጽጽር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ካምበር ወደ ኔጌቲቭ ሄደ ማለት ነው። ሁለቱንም ወደ ውስጥ ካዞሩ ተቃራኒው ይሆናል። ካስተር ለመጨመር ግን የፊተኛውን ካም ወደ ውስጥ፣ የኋለኛውን ወደ ውጭ ያዙሩ። የታችኛው ቦል ጆይንት ወደ ፊት ይገፋል፣ መስመሩም አናቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል።

ካምበሩን ዜሮ አካባቢ ይፈልጉ፤ እስከ ግማሽ ዲግሪ ኔጌቲቭ ቢሆንም ችግር የለም። ካስተሩን ካምበሩ እስከፈቀደ ድረስ ከፍ ያድርጉ፣ ከ2.5 እስከ 3.5 ዲግሪ ከደረሰ መኪናው ይረጋጋል። የግራና የቀኝ ካምበር ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ እንዳይበልጥ። በእኛ አገር በቀኝ ስለምንነዳና መንገዱ ውሃ እንዲያፈስ ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል የቀኙን ካስተር ከግራው በ0.3 ዲግሪ ያህል ብታበልጡት መኪናው ወደ ጥግ መንሸራተቱን ይተዋል። መኪና ሁልጊዜ ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን ያደላል።

ካሙ ጥጉ ደርሶ ካስተሩ አሁንም 1 ዲግሪ ላይ ከቀረስ? ከዚያ በኋላ ማሽንም ባለሙያም አይረዳም። ወይ ስፔሰሩን በቀጭን ይቀይሩ፣ ወይም ለከፍታ የተሠራ የላይኛ ብራቾ ይግዙ። መለዋወጫ ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትፈልጉ "ለሃይሉክስ የሚሆን" ብቻ ሳይሆን የካስተር ማካካሻ ያለው መሆኑን ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ቀለሙ ብቻ ነው የሚለየው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ቀጭን ስፔሰር እመርጣለሁ።

አሁን ያ የጎሚኒ ጉዳይ። ዳዶዎቹን በመጨረሻ የሚያጠብቁት መኪናው በአራቱም ጎማ መሬት ላይ ቆሞ ነው። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀራል፤ በየጉብታው እየተወጠረ በጥቂት ወራት ውስጥ ይቀደዳል። ስፔሰር ከገባ በኋላ የሚቀደዱት ጎሚኒዎች ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ያለቁ ናቸው። ጥብቀቱን በመኪናው መጽሐፍ ልክ በቶርክ ቁልፍ ያድርጉት፤ የካም ቡሎን ከላላ የለፉበት ሁሉ በአንድ ቀን ይጠፋል።

ስድስተኛ፦ ቶ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ

ካምበርና ካስተር ሲነኩ ቶ አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ቶ ቀድሞ የተስተካከለበት አላይመንት ሁለት ጊዜ የሚሠራ አላይመንት ነው።

መሪውን መካከል አድርገው ይሠሩት። እያንዳንዱ የፊት ጎማ ላይ በኖራ መካከለኛውን ቀብተው ጎማውን በክሪክ አንሥተው እያሽከረከሩ በምስማር ቀጭን መስመር ያስምሩ። መኪናው ሲወርድ በጎማው የፊት በኩል በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። ከዚያ መኪናውን ወደ ፊት ግማሽ ዙር ገፍተው ያንኑ ምልክት ከኋላ በኩል በዚያው ከፍታ ላይ ይለኩ። ያው ምልክት ስለሆነ የጎማው መጠማዘዝ አያሳስትዎትም። የፊቱ ከኋላው በ1 ወይም በ2 ሚሊሜትር ያነሰ ከሆነ ጥሩ ነው።

ጥቂት ሚሊሜትር ምን ያደርጋል እንዳይሉ። 265/65 በ17 ጎማ ዲያሜትሩ 776 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 10 ሚሊሜትር ስሕተት ቢኖር እያንዳንዱ ጎማ በየ1 ኪሎ ሜትሩ ከ6 ሜትር በላይ ወደ ጎን ይጎተታል። አዳማ ደርሶ እስኪመለስ አንድ ጎማ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ተፋቀ ማለት ነው።

ሲያስተካክሉ የቲራንቲውን መቆለፊያ ዳዶ አላልተው ግራና ቀኙን በእኩል ዙር ያዙሩ፤ በአንድ በኩል ብቻ ካዞሩ መሪው ጠማማ ሆኖ ይቀራል። የላስቲክ ሽፋኑን ማሰሪያም አስቀድመው ይፍቱ፣ ካልሆነ አብሮ ይጠመዘዛል።

የመረጋጋት መቆጣጠሪያ ያለው ሬቮ ከሆነ የመሪ ማዕዘን ዳሳሹ ዜሮ ነጥብ በመመርመሪያ መሣሪያ ይስተካከል። ካልተደረገ ማስጠንቀቂያ መብራት ሊበራ ይችላል፣ ወይም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይጠሩት ፍሬን ይነካል።

ሰባተኛ፦ መንገድ ላይ

ቀጥ ያለ መንገድ ይምረጡና በ60 ኪሎ ሜትር ይጀምሩ። አሁንም የሚያስቸግር ነገር ካለ የሚከተለው ይረዳል።

ወደ አንድ ጎን ቢጎትት የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ ያቀያይሩ። ጉተታው አብሮ ጎኑን ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ አላይመንቱን አይውቀሱ። ካልቀየረ ከጉዞ በኋላ እጅዎን ወደ ቸርኬዎቹ ቀረብ አድርገው ሙቀታቸውን ይሞክሩ፤ አንዱ ብቻ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል።

ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ላይ መሪው ቢንቀጠቀጥ ጉዳዩ የባላንስ እንጂ የአላይመንት አይደለም። በክረምት ከሆነ ከሁሉ በፊት የቸርኬውን የውስጥ ጎን ያጥቡ። ጭቃ እዚያ ደርቆ ይቀራል፣ ጎሚስታም ሳያጥበው እርሳስ ይለጥፍበታል።

ጉብታ ሲያልፉ መሪው እጅዎ ላይ ቢነጥቅ ቲራንቲው በጣም ወደ ታች አዘንብሏል፣ ከፍታው በዝቷል። ጉብታው ካለፈ በኋላ "ቋ" የሚል ድምፅ ከሰሙ ደግሞ አሞርዛተሩ ጥጉ ድረስ ተዘርግቶ እየመታ ነው። ሁለቱም መድኃኒታቸው ቀጭን ስፔሰር ነው።

ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ ጎማውን በመዳፍዎ ይዳስሱ። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲያሻሹት ለስልሶ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲያሻሹት እንደ ሞረድ ቢሰማዎት የፊት አፋቸው ከልክ በላይ ተቀራርቧል። ተቃራኒው ከሆነ ተራርቋል። የውጭ ጠርዙ ብቻ ካለቀ ካምበሩ ፖዘቲቭ፣ የውስጡ ብቻ ካለቀ ኔጌቲቭ ነው። ቡሎኖቹንም ያን ጊዜ እንደገና በቶርክ ቁልፍ ይሞክሯቸው።

ቶርሽን ባር ላላቸው

እ.ኤ.አ. እስከ 2011 ድረስ የተሠራው የመጀመሪያው ኢሱዙ ዲማክስና ኒሳን ዲ22 ከፊት ሞላ የላቸውም፤ ረጅም የሚጠማዘዝ ብረት ነው የሚሸከማቸው። ስፔሰር አያስፈልግም፤ ከሻንሲው ሥር ያለውን ማጥበቂያ ቡሎን በማዞር ብቻ ይነሣሉ። የሚያበላሻቸውም ይኸው ቅለት ነው፤ ሰው እስኪበቃው ድረስ ያዞረዋል። የላይኛው ብራቾ ወደ ታች መውረዱን የሚገታው ላስቲክ ላይ ሊደርስ ሲል ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያልቃል፣ መኪናውም በየጉድጓዱ እንደ ጋሪ ይመታል። ሁለቱን ጎን እኩል፣ በጥቂት ዙር እያዞሩ፣ በየጊዜው መኪናውን እያንከባለሉና እየለኩ ይሂዱ፤ ከ3 ሴንቲሜትር አይለፉ። ካምበራቸውና ካስተራቸው በብዙዎቹ በላይኛው ብራቾ ሥር በሚገቡ ስስ ብረቶች ነው የሚስተካከለው፤ ስንት እንደነበሩ ቆጥረው ይጻፉ።

መብራቱ

አፍንጫው ከፍ ሲል መብራቱም አብሮ ይነሣል፣ በማታ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይኑን ያጠፋበታል። ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀው በደልዳላ ቦታ ይቁሙ። የፊት መብራቱን መካከል ከመሬት ያለውን ከፍታ ለክተው ግድግዳው ላይ ያስምሩ፣ ከሥሩ በ10 ሴንቲሜትር ዝቅ ብለው ሌላ መስመር ያስምሩ። አጭሩ መብራት ሲበራ የብርሃኑ የላይኛ ጠርዝ በታችኛው መስመር ላይ እስኪያርፍ ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ማስተካከያ ያዙሩ። ውስጥ ያለው የመብራት ማዞሪያ ሲለኩ ዜሮ ላይ ይሁን፤ ኩንታሎቹ ኋላ ላይ ሲጫኑ በእሱ ዝቅ ያደርጉታል።